ፈንታነሽን እድር ለማስገባት

ጥቅምት 4
ቀለል ያለ ቀን። ከወለጋ ተፈናቅለው በቀበሌያችን ቤት የተከራዩትን ስድስት ቤተሰቦች መዘገብኩ። ኃላፊዬ ዘውዱ፣ «እድር ካልገቡ እንግዳ እንደሆኑ ይቀራሉ። እድሩን የማሳመኑ ሥራ ያንቺ ነው፣ ሠናይት» አለኝ። ምን ችግር አለው?
ፈንታነሽ የምትባለዋን ወደድኳት። ባሏ ሞቶ ሁለት ልጆች ይዛ ነው የመጣችው። ሳቂታ ናት... ከዚያ ሁሉ በኋላ እንዴት ትስቃለች?

ጥቅምት 9
ምን ነካኝ? የእድር ስብሰባ ላይ ዝርዝሩን ሳነብ ሙያዋንም አነበብኩት። «ፈንታነሽ፣ የሁለት ልጆች እናት፣ ሸክላ ሠሪ።»
የእድሩ ዳኛ ጋሽ ይሻው መነጽራቸውን አወለቁ። አንዲት ሴትዮ ነጠላዋን አፏ ላይ ሳብ አደረገች። «ቡዳ ናት» ያለ የለም። ማለትም አላስፈለገም። እዚህ አገር ሸክላ ሠሪ ምን እንደሚባል አላውቅም እንዴ? እዚሁ አይደል ያደግኩት?

ጥቅምት 11
የፈንታነሽ ልጆች ቦኖ ውኃ ሊቀዱ ሄደው ሰዉ ሸሻቸው። ጥፋቱ የኔ ነው። ዘውዱ ባነር አሠራ፤ «አድልዎ ይቁም» ይላል።
ከሥራ ስገባ ፈንታነሽ እቤቴ መጥታ ጠበቀችኝ። ልጄን ሩቴን አቅፋ ሳመቻት። ፈጥኜ ከእቅፏ ወሰድኳት... አፈርኩ።

ጥቅምት 15
ሩቴን አተኮሳት። ጤና ጣቢያ፣ «የሳንባ ምች ነው። መድኃኒቱን በሰዓቱ ስጫት፣ በሦስት ቀን ይሻላታል» አሉኝ።
አማቴ ግን፣ «ያቺ ሴትዮ አቅፋት አልነበር? የበላቻት እሷ ናት። መጥታ እንትፍ ካላለችባት አይለቃትም» አሉ።
«እማዬ፣ እንዲህ ያለ ነገር በቤቴ አይወራም!» አልኳቸው።

ጥቅምት 16
ትኩሳቱ አልወረደም። ትንፋሿ ያስፈራል። እውነት ቢሆንስ? ዲግሪ ያለኝ ሰው ምን እያልኩ ነው? እመብርሃን ድረሽልኝ።

ጥቅምት 17
ጠዋት ፈንታነሽ ብርቱካን ይዛ ልትጠይቀን መጣች። «ልጄ እንዴት አደረች?» አማቴ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል።
ያልኩት እኔ ነኝ። እሳቸው አይደሉም። «ፈንታዬ፣ አትቀየሚኝ... እንትፍ በይባት።»
«አንቺም?» አለችኝ።
ብርቱካኑን አስቀመጠች። ከዚያ ጎንበስ ብላ እንትፍ አለችባት። «እግዜር ይማርልሽ» ብላ ወጣች። ሁለት ጎረቤቶች ደጅ ቆመው ነበር። አይተዋል።

ጥቅምት 18
ሩቴ ተሻላት። ወተት ጠየቀች። አማቴ እልል አሉ፤ «እንትፍ ስትልባት ለቀቃት» ብለው ለመንደሩ ሁሉ አወሩ። መድኃኒቱ ነው፣ ሦስት ቀን ሞላው... ማን ይሰማኛል? ለጎረቤት ልናገር ወጥቼ ደጅ ስደርስ ተመለስኩ።

ጥቅምት 25
ፈንታነሽ የለችም። አከራይዋ ቤቱን ልቀቂ ብሏታል አሉ። አንዱ ወደ እብናት ሄደች ይላል፣ ሌላው ወደ ይፋግ።
እድሩ አምስቱን ቤተሰቦች ተቀበለ። ዘውዱ ደስ ብሎታል። «የስድስተኛዋን ምክንያት ሪፖርቱ ላይ ጻፊ» አለኝ። «በራሷ ፈቃድ ቀበሌውን ለቃለች» ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩ። ሳያነብ ማኅተም አደረገበት።
አሁን የምፈራው ተመልሳ ብትመጣ ነው። ፊቷን እንዴት አያለሁ?