በዳስ ምሰሶ ስለ ተበሳው ቦይና ስለ ቦይ ሹሙ ስለ አቶ ወልደአረጋይ ዕረፍት

በአንኮበር የላይ ምንጭ ቦይ ጠባቂዎች ማኅበር ይህን ቃል ለማኅበርተኞቹ፣ ለአጥቢያው ካህናትና ምእመናን፣ ከቁልቁለቱ ሥር ለሚኖሩ ሁሉ፣ ከአልዩ አምባ ወጥተው ውሃችንን ለሚጠጡ ነጋዴዎችም በታላቅ ኀዘን ያሰማል። ሳንሸሽግ እንናገር፤ በታላቅ ፍርሃትም ነው። የቦያችን ሹም አቶ ወልደአረጋይ ሐምሌ ፲፩ ቀን ፲፰፻፸፱ ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ሉቃስ፣ በሥራ ላይ ሳሉ አፈር ተንዶባቸው ዐርፈዋል።

ብዙዎቻችሁ ውሃውን እንጂ መንገዱን አታውቁም። ከላይ ምንጭ የሚወርደው ውሃ ሁለት ክንድ ያህል ከመሬት በታች በተቀበረ፣ ውስጡ በተቦረቦረ የጥድ ግንድ ይሄዳል። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ አልፎ ወደ ቁልቁለቱ ይወርዳል። ግንዱ ከተበሳ ውሃው በአፈሩ ውስጥ ተደብቆ ይጠራቀማል፤ ቁልቁለቱም ከነቤቱ ይናዳል።

አቶ ወልደአረጋይ ሹመቱን ከአባታቸው የተረከቡት በ፲፰፻፷፮ ዓ.ም. ነው። ከምንጩ እስከ ቅጥሩ ያለውን የበሰበሰ ግንድ በሦስት በጋ ለወጡት።

በ፲፰፻፸፩ ዓ.ም. አንድ ጎረቤታችን የእህል ጉድጓድ ሲቆፍር ግንዱን በዶማ ሰበረው። በአራተኛው ቀን አራት ቤት ተንዶ ዘጠኝ ነፍስ ጠፋ። ሬሳ ሲያወጡ የሰነበቱት አቶ ወልደአረጋይ ከዚያ ወዲያ ሥርዐት አቆሙ። መሬት የሚቆፍር ሁሉ ከሦስት ቀን በፊት ይጠይቅ ዘንድ፣ እርሳቸውም መጥተው ግንዱ ባለፈበት ላይ አመድ ይነሰንሱ ዘንድ፣ ከአመዱ ወዲህም ወዲያም አንድ ክንድ ዶማ ሳይገባ በእጅ ብቻ ይጫር ዘንድ ተወሰነ። በዚህ ሥርዐት ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ቤት አልተናደም። ቀርፋፋ ናቸው እያልን ያማናቸው ግን እኛው ነን።

በ፲፰፻፸፮ ዓ.ም. ውሃውን የአልዩ አምባ ነጋዴዎች ጭነት እስከሚያራግፉበት ሜዳ አወረዱት።

በ፲፰፻፸፯ ዓ.ም. የግንዱን መንገድ የሚማሩ ሁለት ሰዎች እንዲሰጣቸው ማኅበሩን ለመኑ። ከአዝመራ በኋላ አልናቸው። አዝመራው ሁለቴ ገባ፣ ሰው ግን አልሰጠናቸውም።

ስለ አሟሟታቸው በገበያ ብዙ ይወራልና እውነቱን ማኅበሩ ራሱ ይናገራል። ሐምሌ ፲ ቀን ለማኅበርተኛችን ለብርሃነ መስቀል አባት የአርባ ቀን ተዝካር በቅጥሩ አጠገብ ዳስ ጣልን። ለመቃብርና ለእህል ጉድጓድ የምንጠይቅ ሰዎች፣ የዳስ ምሰሶ መትከልም መቆፈር ነው ብሎ ያሰበ ከመካከላችን አንድ እንኳ አልነበረም። አመዱንም ዝናብ ካጠበው ሰንብቷል። ምሰሶው አልገባ ሲል በመዶሻ መታነው። ከሥር የሆነ ነገር ሲሰነጠቅ የሰማን አለን፤ ድንጋይ ነው ብለን አለፍነው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ነጋዴው አብዱልሀሚድ የታችኛው ውሃ መቅጠኑን ሊነግረን ከሜዳው እየሮጠ ወጣ። አቶ ወልደአረጋይ ነገሩን ሲሰሙ ፊታቸው አመድ ለበሰ፤ ማንንም ግን አልተቈጡም። ሰዎቹ ከቁልቁለቱ ሥር እንዲወጡ አዘዙና ከዳሱ ምሰሶ ሥር በእጃቸው እየጫሩ ወርደው፣ ምሰሶውን ነቅለው፣ ቀዳዳውን በጋቢያቸው ደፈኑት። ሊወጡ ሲሉ የራሰው አፈር ከላያቸው ተደረመሰ። ስናወጣቸው ነፍሳቸው አልነበረችም።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ ሆነብን። ምንጩን ወደ ወንዙ መልሰነዋል፤ ቁልቁለቱ ስንት ውሃ እንደ ጠጣ ግን የሚያውቅ የለም። ግንዱ ወዴት እንደሚታጠፍ፣ የት ላይ እንደሚቀጠል የሚያውቁት እርሳቸው ብቻ ነበሩ። ያለ እርሳቸው መቆፈር የነበረብን የመጀመሪያው ጉድጓድም የራሳቸው መቃብር ሆነ።

በመጀመሪያ ከቤተልሔሙ ጀርባ ጀመርን። አንድ ክንድ ሳንወርድ አፈሩ ረጥቦ ተገኘ፤ መልሰን ደፈንነው። ቀጥለን ከደጀ ሰላሙ አጠገብ፣ ዶማ ሳናነሣ፣ በእጃችን ጫርን። የአንዱ ማኅበርተኛ ጣት የጥዱን ግንድ ነካ። ሁላችንም እጃችንን ሰብስበን ቆምን፤ ካህናቱም ፍትሐቱን አቋረጡ። ሬሳው በቃሬዛ ላይ፣ ዝናቡ በላያችን ነበር። እግራችንን የምናሳርፍበትን እንኳ ፈራን።

ያን ጊዜ ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለማርያም ለቅሶአቸውን ገታ አድርገው በምሥራቅ በኩል ወዳለችው ወይራ አመለከቱ።

«ሲለኩ ውለው ምሳቸውን የሚበሉት ከዚህች ሥር ነበር» አሉን። «ሳልፈራ የምቀመጠው እዚህ ብቻ ነው ይሉኝ ነበር።»

እዚያው በእጃችን ቆፈርን። ዝናብ ካረጠበው ከላዩ በቀር እስከ ታች ደረቅ አፈር ነበር፤ በክብር ቀበርናቸው። አብዱልሀሚድና ጓደኞቹም እስከ መጨረሻው አፈር ሲያወጡ ውለዋል።

ስለዚህ ማኅበሩ ከቁልቁለቱ ሥር ያላችሁ ሁሉ እስከ መስቀል ድረስ ከዘመድ እንድትጠጉ ይለምናል። ለዳስም፣ ለአጥርም፣ ለበቅሎ ካስማም ቢሆን ማኅበሩን ሳይጠይቅ መሬት የሚወጋ አይኑር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብትሉን እውነታችሁን ነው።

ለወይዘሮ አስካለማርያም፣ ለልጃቸው ለወለተሐና፣ አብረዋቸው ለደከሙትም ሁሉ እግዚአብሔር መጽናናትን ይስጥ። የእርሳቸውንም ነፍስ በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን። ይቅርታ ልንላቸው የሚገባን ቤተ ሰቦቻቸውን ብቻ እንዳልሆነ እናውቃለን።

ከእንግዲህ ግንዱን በእጃችን እየጫርን፣ ክንድ በክንድ እየለካን መንገዱን እንደ አዲስ እንማራለን። ልኬቱ የሚጀምረው ከመቃብራቸው ነው፤ በዚህ ተራራ ላይ ከሥሩ ምን እንዳለ የምናውቀው እርሱን ብቻ ነውና።