የሐሙሷ መስመር

ይድረስ ለቀበጧ የልጅ ልጄ፦

እንደምን ከረምሽልኝ? እኔ ከጥርሴ በቀር ሁሉም ነገሬ ደህና ነው፤ ተመስገን።

ያኔ ሆስፒታል ስሠራ የጻፍኩትን የቀጠሮ ፕሮግራም ወደ አዲስ የኮምፒውተር ቋንቋ ሊቀይሩት ስለሆነ ጠሩኝ። ቀያሪዋ ልጅ አንቺን ታክላለች። «አባባ፣ ይቺ መስመር ሐሙስ ሐሙስ ከአሥር በሽተኛ በላይ ቀጠሮ አትሰጥም። ለምን እንዲህ አደረጓት?» አለችኝ።

መስመሯን አየኋት፤ የእጄ ሥራ ናት። አጠገቧ ማብራሪያ የለም። «ማብራሪያ የሚጽፍ የሚረሳ ሰው ነው» እያልኩ ባልደረቦቼ ላይ የምቀልደው እኔ ነበርኩ።

«ምሳ ካልጋበዝሽኝ አልናገርም» አልኳት። ጋበዘችኝ። ምሳውን በላሁ፤ መልሱን ግን እስካሁን አልሰጠኋትም። ምስኪን፣ መስመሯን እንዳለች ወደ አዲሱ ቋንቋ አሻገረቻት።

ስመለስ አውቶቡሱ ድሮ የሸጥነው ቤት በር ላይ አወረደኝ፤ ጥፋቱ የሾፌሩ ነው። ቁልፌ እምቢ ሲለኝ ባለቤቶቹ ወጥተው ወንበር ሰጡኝ፣ ለአባትሽም ደወሉለት። ደጎች ናቸው። አባትሽ ነገር ማጋነን ይወዳል፤ ቢደውልልሽ አትስሚው።

ለዕረፍት ስትመጪ ታዲያ ገና ከበሩ ስምሽን ጮክ ብለሽ ተናገሪ። ጨዋ ልጅ እንደዚያ ነው የምታደርገው።

ጉንጭሽን እስክስመው በሰላም ቆዪኝ።

አያትሽ