ፀሐይን በተራ ላከፋፈሉን ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የቀበሌያችን ሥራ አስኪያጅ
መቱ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰብዎ ደኅና፣ ወንበርዎ ደኅና፣ በየወረቀቱ ላይ የሚያርፈው ማኅተምዎም ደኅና ነው ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። ባለቤቴ ደርበው ግን ባለፈው ኅዳር፣ እርስዎ በሚያስተዳድሩት የቀበሌ ቤት ግቢ ውስጥ፣ ከጎረቤታችን ከፉፋ ጋር ተጣልቶ ሞቷል። ለቅሶው ላይ ከፊት ተቀምጠው ስለነበር ይህንን ያውቃሉ፤ ይሁንና መሥሪያ ቤትዎ በጽሑፍ ያልቀረበለትን ነገር እንደማያውቅ ስለተማርኩ እነሆ በጽሑፍ አቀረብኩ።

የምጽፈው ላመሰግንዎ ነው። ምስጋናዬ ብዙ በመሆኑ በተራ ቁጥር አስቀምጬዋለሁ፤ ተራ እንደሚወዱ አውቃለሁ።

1ኛ. ስለ ዋንዛው አመሰግናለሁ። ለማያውቅ አንባቢ ለማስረዳት ያህል፣ እኔና ደርበው፣ ፉፋና ሚስቱ ገለኔ፣ ግድግዳ የምንጋራ ተከራዮች ነበርን። ደርበው ከያዮ እሸት ቡና እያመጣ ሸራ ላይ ያደርቅ ነበር፤ እነ ፉፋ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን አንሶላና ልብስ እያጠቡ ይተዳደሩ ነበር። የመቱን ዝናብ ያውቁታል። ፀሐይ ስትወጣም የዋንዛው አንድ ትልቅ ቅርንጫፍ ግቢውን ስለሚሸፍነው ብርሃን የሚያርፈው ቧንቧው አጠገብ ብቻ ነበር። በዚያች ቦታ ላይ ዓመታት ያለ ዳኛ ኖረናል። ሰማዩ ሲጠቁር ፉፋ «ቦካን ዱፌ!»፣ ዝናብ መጣ፣ ብሎ ይጮኽና የራሱን አንሶላ ትቶ መጀመሪያ የኛን ቡና ያነሣ ነበር። ገለኔ የወለደች ሰሞን የተማሪዎቹን ልብስ ከፉፋ ጋር ሲያጥብ የከረመው ደርበው ነው፤ ያውም ሰማያዊውን ከነጩ ደባልቆ የስንቱን ልጅ ሸሚዝ አበላሽቶ። የሁለቱም ሥራ እየሰፋ ቦታው ሲጠብባቸው፣ መስከረም ላይ በአንድ ባጃጅ ተሳፍረው፣ አንድ ላይ እርስዎ ዘንድ ቀረቡ። የለመኑት ያቺ ቅርንጫፍ እንድትቆረጥላቸው ብቻ ነበር። እርስዎም ዛፍ መቁረጥ የሌላ መሥሪያ ቤት ሥልጣን እንደሆነና ጉዳዩ መጠናት እንዳለበት በትዕግሥት አስረዷቸው።

2ኛ. ስለ ፀሐይዋ አመሰግናለሁ። ቅርንጫፉን ቢነፍጉንም ፀሐይን አከፋፈሉን። ሰኞ፣ ረቡዕና አርብ ለደርበው ቡና፤ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ለፉፋ ልብስ ተብሎ፣ ማኅተም ተደርጎበት ከቧንቧው በላይ ተለጠፈ። እሑድን ለማንም አልሰጡም፤ መሥሪያ ቤቱ ዝግ ስለሆነ ፀሐይዋም የምታርፍ መስሎዎት ይሆናል። ያን ዕለት ደርበው «ሰውዬው እኮ ፀሐይ አደለን» ሲል አራታችንም እስኪያመን ሳቅን። ቀስ በቀስ ግን «የኛ ቀን፣ የናንተ ቀን» ማለት ለመድን። ፉፋ በኛ ቀን ዝናብ ሲመጣ መጮኹን ተወ፤ እኛም በነሱ ቀን አንሶላ ማንሣቱን ተውን።

3ኛ. ስለዚያች ሐሙስ አመሰግናለሁ። ከሰኞ ጀምሮ ሲዘንብ ሰንብቶ ሐሙስ ረፋዱ ላይ ፀሐይ ወጣች። የኛ ቡና ኬሻ ውስጥ ሞቆ መሻገት ጀምሯል፤ ፉፋም የሳምንት እጥበት ተከምሮበታል። ደርበው ሸራውን ዘረጋ። ፉፋ አንሶላውን በሳፋ ይዞ ወጣና «ዛሬ የኛ ቀን ነው፣ ወረቀቱን እየው» አለ። ደርበው «ቡናው ወረቀት አያነብም» ሲለው ፉፋ የሸራውን ጫፍ ይዞ አነሣው፤ ቡናው ጭቃ ላይ ተደፋ። ደርበው አንገቱን አነቀው፣ ፉፋ ገፈተረው፤ ደርበው ወደ ኋላ ወድቆ በቧንቧው ስሚንቶ ጭንቅላቱን ተመታ። ሽሮ እያማሰልኩ ከደጄ ሆኜ አየሁት። ቀድሞ የጮኸው ፉፋ ነው። ሊያሰጣው ያመጣውን ነጭ አንሶላ ቀዶ ራሱን አሰረለት፤ ባጃጅ ጭቃውን አልፎ መግባት ስላልቻለም አዝሎት እስከ አስፋልቱ ሮጠ። ደርበው ሐኪም ዘንድ ሳንደርስ ባጃጁ ውስጥ እቅፌ ላይ ሞተ።

4ኛ. ስለ ድንኳኑ። የእድሩ ድንኳን ቅርንጫፉ ይዞት አልተከል ሲል፣ የሰፈር ልጆች ለቀስተኛው ሳይሰበሰብ ቆርጠው ጣሉት። ፈቃድ የጠየቀም፣ ጥናት ያደረገም የለም፤ የመሥሪያ ቤትዎ ዘበኛ እንኳ መሰላል ይዞላቸው ነበር። እርስዎም ቅርንጫፉ በነበረበት ቦታ ተቀምጠው ንፍሮ ቀመሱ። አሁን ግቢያችን ከጥግ እስከ ጥግ ፀሐይ ነው፤ ለሁለት ቤት ቀርቶ ለአምስት ቤት ይበቃል። ጠዋት ጠዋት በሬን ስከፍት ያ ሁሉ ብርሃን ፊቴ ላይ ሲያርፍ አለቅሳለሁ።

5ኛ. የመጨረሻው ምስጋናዬ ለፍርድ ቤቱ ስለጻፉት ደብዳቤ ነው። «በሁለቱ ተከራዮች መካከል ሥር የሰደደ ጠብ በመኖሩ ቀበሌው ፕሮግራም እስከማውጣት ደርሷል» ብለዋል። በዚህ ቃልዎ የተነሣ ፉፋ ቂም ይዞ እንደገደለ ተደርጎ ሊፈረድበት ነው። ከተማው ውስጥም ያንኑ ቃል ይዘው የሁለቱን ቋንቋና ዘር መቁጠር የጀመሩ አሉ።

ክቡር ሆይ፣ ፉፋን ይቅር አላልኩትም። እንዳልል የሚያደርገኝ የደርበው ባዶ ጫማ ከአልጋዬ ሥር አለ። ገለኔ ከግድግዳው ወዲያ ስታለቅስ እሰማለሁ፤ እሷም የኔን ትሰማለች፤ ጠዋት ቧንቧው ላይ ስንገናኝ አንነጋገርም። ቢሆንም ባሌ ጠላት አልነበረውም። የሞተው በወዳጁ እጅ ነው፤ ሞቱን ያከበደብኝም ይኸው ነው። ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በመጪው ረቡዕ ችሎት ቀርበው፣ ሁለቱ ሰዎች አንድ ላይ መጥተው፣ አንድ ላይ ቆመው፣ አንዲት ቅርንጫፍ እንደለመኑዎት ይናገሩ። ያዩትንና የሰሙትን ለመናገር የሌላ መሥሪያ ቤት ፈቃድ የሚያስፈልግዎ አይመስለኝም።

ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ፤ ጥላ ከራስዎ አይለይ እያልኩ፣ የሰጡንን ፀሐይ በባለቤቴ ዋጋ የተረከብኩ፣ ታዛዥ ተከራይዎ

ዘውደነሽ፣ የደርበው ሚስት

ማሳሰቢያ፦ የተለጠፈው ወረቀት እስካሁን አልተነሣም፤ የደርበው ስምም አልተሰረዘም። ረቡዕ ችሎት ለመቅረብ ጊዜ የለኝም እንዳይሉኝ፣ በራስዎ ማኅተም መሠረት ረቡዕ የደርበው ቀን ነው።