የአሮጌው ቨርዥን ገጽ

ሰኞ

የአያ ተገኘ ልጅ የአባቷን ስልክ ስትሰጠኝ ነው ነገሩ የገባኝ። «ቀጠሮዎ ኅዳር 20 ነው» ይላል፤ ከእኛው ክሊኒክ የተላከ አጭር መልእክት ነው። ዛሬ ኅዳር 20 ነው። የዓይን ሞራ የሚያነሡት ሐኪሞች ግን በኅዳር 11 መጥተው፣ ሥራቸውን ጨርሰው ሄደዋል።

ኖቬምበር 20 ማለት ኅዳር 11 ነው። የቀጠሮ መልእክት የሚልከው ሲስተማችን የፈረንጁን ቀን እንዳለ ወስዶ የወሩን ስም ብቻ ኅዳር ብሎታል!

አያ ተገኘ ከመካነ ብርሃን ነው የመጡት። ሁለቱም ዓይናቸው ተሸፍኗል። «ምነው ልጄ፣ ዝም አልሽ?» አሉኝ። የኮምፒውተር ክፍላችን ኃላፊ አቶ መላኩ ከኋላዬ መጥቶ «የኔትወርክ ችግር ነው አባቴ» አላቸው።

ኔትወርክ።

ማክሰኞ

ባለፈው ወር ሲስተሙን ወደ አዲሱ ቨርዥን ያሻገረው አቶ መላኩ ነው። የኢንተርኔት መፈለጊያው መጀመሪያ ያወጣለትን የመመሪያ ገጽ ከፍቶ ትእዛዞቹን እየገለበጠ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የአሮጌው ቨርዥን ገጽ ነው» አልኩት። «አንቺ ዶክመንቴሽን አንብበሽ እስክትጨርሺ ፋሲካ ይደርሳል» አለኝ። ቢሮው በሙሉ ሳቀ።

ዛሬ ራሴ ገባሁበት። ዶክመንቴሽኑ፣ መመሪያው ማለት ነው፣ ማለቂያ የለውም፤ ኢንተርኔቱ ይመጣል፣ ይሄዳል። ስለዚህ አልተንከራተትኩም። መጀመሪያ ከገጹ አናት ላይ የእኛን ቨርዥን መረጥኩ። «ቀን ተሳሳተ» ብዬም አልፈለግኩም፤ የቀን አቆጣጠሩን ቅንብር ስም ከራሳችን ፋይል ቃል በቃል ገልብጬ ፈለግኩ። በአዲሱ ቨርዥን ምንም የለም። አለመኖሩ ራሱ መልስ ነበር። ቀጥታ «ምን ተለወጠ» ወደሚለው ገጽ ሄጄ «ካሌንደር» የሚለውን ቃል እዚያው ውስጥ አስፈለግኩ።

አንዲት መስመር። የቅንብሩ ስም ተቀይሯል፤ ሲስተሙ የድሮውን ስም ካገኘ ምንም ሳያስጠነቅቅ በፈረንጅ አቆጣጠር ይሠራል።

መልሱን ያገኘሁት ያዘዝኩት ሻይ ሳይቀዘቅዝ ነው። ከዚያ አለቀስኩ። ይህን ያህል ቅርብ ነበር።

ረቡዕ

አስተካከልኩት። ወደ ራሴ ስልክ ልኬ ሞከርኩ፤ ቀኑ ልክ ሆኖ መጣ። ደስታዬ ግን መደወል እስክጀምር ነበር። ቀጠሮ ላመለጣቸው ሁሉ እየደወልኩ ነው። አንዲት ከአይከል የሚመጡ እናት «ተምራችሁ ተምራችሁ ቀን መቁጠር አቃታችሁ?» ብለው ዘጉብኝ። ከድብ ባሕር የሚመጡት ሰውዬ አልተቆጡም። እሱ ይብሳል።

አያ ተገኘ ዘመድ ቤት ናቸው። ሄጄ እውነቱን ነገርኳቸው። «የገብስ አጨዳውን ለጎረቤት ጥዬ መጣሁ» አሉ። ደግሞ፣ «ለነገሩ እዚያም ብሆን አላየውም» ብለው ሳቁ። ልጃቸው አልሳቀችም። ሐኪሞቹ መቼ እንደሚመለሱ ጠየቀችኝ።

አላውቅም።

ሐሙስ

ስብሰባ። አቶ መላኩ «መልእክት መላኪያው የእሷ ኃላፊነት ነው» አለ። ገጹን ከፍቼ መስመሯን አሳየሁ። ወደ ስክሪኑ ቀና ያለ ሰው የለም።

በኋላ ለብቻዬ ጠራኝ። «ጥፋቱ የእኔ ነው ብለሽ ጻፊና ይለቅ። አንቺ ወጣት ነሽ፣ ይረሳልሻል። እኔ ልጆች አሉኝ።» ድምፁ ለስላሳ ነበር። ከፌዙ ይልቅ ልስላሴው አመመኝ።

ዓርብ

እሱ ያለውን አልጻፍኩም። የሆነውን እንደሆነው፣ ከነገጹ አድራሻ ጽፌ፣ ለክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ ሰጠኋት። ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ «ሰኞ እንነጋገራለን» አለችኝ። ፊቷ ምንም አይነበብበትም። ሊያባርሩኝ ይችላሉ።

አያ ተገኘ ዛሬ ጠዋት ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ እንደ አመጣጣቸው፣ የልጃቸውን ክንድ ይዘው። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። «አይዞሽ አንቺ ልጅ» አሉኝ። እኔ ልላቸው የሚገባውን እሳቸው አሉኝ። አውቶቡሱ እስኪወጣ ቆምኩ፤ እጄን ማውለብለብ እንኳ ከንቱ ነበር።

የሥራዬ ነገር አልታወቀም። እኔ ግን ወስኛለሁ። ሌላው ሳያነብ ያበላሸውን በስሜ አልቀበልም። ማንበቤ መሳቂያ ሲሆን አልቀበልም። ታማሚን «ኔትወርክ ነው» ብሎ ከሚሸኝ ሰው አጠገብ ከእንግዲህ ዝም ብዬ አልቆምም።