ሁለቴ የገባው ኮኔክተር

ጥቅምት 4
ዛሬም መጫኛ ማሽኑ፣ ፕሬሱ ላይ። ሠላሳ ስምንት ቦርድ። ኮኔክተሩን ከቀዳዳዎቹ ጋር ማስተካከል፣ ሁለቱን ቁልፎች በሁለት እጅ መጫን፣ ግጭ! ማውጣት። ቀጣይ። አምስት ዓመት ኢንጂነሪንግ የተማርኩት ለዚህ ነው?

ምድር ቤት ነን፣ ክፍሉ መስኮት የለውም። ውጭ ዝናብ መኖሩን የማውቀው ሰው ጫማው ርሶ ሲገባ ነው።

እማዬ ለጎረቤት "ልጄ ሊፍት ትሠራለች" ብላለች። አረምኳት። የሊፍቱ መቆጣጠሪያ ሳጥን አለ፣ ሳጥኑ ውስጥ ሁለት ሰርኪዩት ቦርዶች አሉ፣ እኔ የምጭነው እነሱን የሚያገናኘውን ኮኔክተር ነው አልኳት። ትንሽ አሰበች።
"ሊፍት ትሠራለች ይሻላል" አለች።

ጥቅምት 7
ፎቅ ላይ ንድፍ ክፍል ሰው ይፈልጋሉ!! የፈረቃ አለቃዋ ጠራችኝ። "ስምሽን ልኬያለሁ። ግን ይህን ወር ንጹሕ ሆነሽ ጨርሺ። አንዲት የስህተት ፎርም በስምሽ እንዳላይ።"
አታይም። እምላለሁ አታይም።
ንድፍ ክፍል ሦስት ትልልቅ መስኮት አለው። ወረቀት ላደርስ ወጥቼ ቆጥሬያለሁ።

ጥቅምት 9
የክፍላችን አንጋፋ ሠራተኛ ጋሼ ጆሮ ዛሬ አስተማሩኝ። ጆሮ የተባሉት ፕሬሱን በድምፁ ስለሚያውቁት ነው፤ ጀርባቸውን ሰጥተው እንኳ "ይሄኛው ዘመመ" ይላሉ። ዘሞ ይገኛል።

አንዷን ፒን በማጉያ አሳዩኝ። ወገቧ ላይ አበጥ ብላ መሃሏ ክፍት ነው፣ ልክ እንደ መርፌ ዓይን። የቦርዱ ቀዳዳ ከሷ ይጠባል። ስትገባ ትጨመቃለች፣ ከዚያ ግድግዳውን መልሳ እየገፋች ትይዛለች። ብየዳ የለ፣ ሙጫ የለ።
"ልክ እንደኔ" አልኳቸው። አልሳቁም።
"አንዴ ብቻ ነው የምትጨመቀው። ከወጣች ጣያት። ደግመሽ ብትከቻት ትገባልሻለች፣ ግን አትይዝም።"
"መፈተሻው አያገኛትም?"
"መፈተሻ ምን ያውቃል ልጄ? ብረት ብረት ከነካ አረንጓዴ ያበራል። ሊፍቱ ስድስት ወር ሲንቀጠቀጥ ነው ጉዱ የሚወጣው።"

ጥቅምት 15
ምን ነካኝ...

ከምሳ በፊት አንዱ ኮኔክተር ዘሞ ገባ። ጋሼ ጆሮ መጋዘን ሄደዋል። ነቀልኩት። አሁን ምን ይደረጋል? ይጣላል፣ ፎርም ይሞላል፣ ስም ይጻፋል። ፎርም! ፒኖቹን አየኋቸው። ደህና ይመስላሉ። ደግሜ ከተትኩት።

ፕሬሱ ቢጫ አበራ። "የመግቢያ ኃይሉ ዝቅተኛ ነው። ይቀበላሉ?"
ተቀበልኩ።

ቦርዱን ከሌሎቹ ጋር ትሪው ላይ ደረደርኩት። ቁጥር የሚለጠፍባቸው ቀጣዩ ጠረጴዛ ላይ ነው። አሁን ከአርባ ስምንቱ የትኛው እንደሆነ እኔም አላውቅም። ሁሉም ፈተናውን አለፉ። አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ።

ጥቅምት 16
ምናልባት ይይዝ ይሆናል። ለምን አይይዝም?

ጥቅምት 17
ዕቃው ከነገ ወዲያ መኪና ላይ ይጫናል። እራት አልበላ አለኝ። እህቴ አፈጠጠችብኝ።
"ምንድን ነው? ከማን ተጣልተሽ ነው?"
ነገርኳት። መጀመሪያ ምንም አልገባትም። ከዚያ የገባት ግን የባሰ ነበር።
"ሊፍቱ ይወድቃል?"
"አይወድቅም፣ ፍሬን አለው። ፎቅና ፎቅ መሃል ይቆማል። በሩም አይከፈትም።"
"ሰው ውስጡ እያለ?"
"ሰው ውስጡ እያለ።"
ሳህኗን አነሳች። "አንቺ ያንን ምድር ቤት መታፈኛ እያልሽ ስታማርሪ ነው የከረምሽው" ብላኝ ወጣች።
ብናገር ፎቁ ቀረ። ዝም ብል... በገባሁበት ሊፍት ሁሉ አሁን ይቆማል እያልኩ ፎቅ ልቆጥር ነው?

ጥቅምት 18
ተናገርኩ።
አለቃዋ ብዕሯን አስቀመጠች። "ከአርባ ስምንቱ የትኛው?"
"አላውቅም።"
"ነገ ሊጫን ዛሬ ትነግሪኛለሽ?"
ብዕሯን መልሳ አነሳች።
"ስምሽን ከፎቁ ዝርዝር አወጣለሁ። ለአንድ ዓመት አትወዳደሪም። ገብቶሻል?"
"ገብቶኛል።"
ጭነቱ ቆመ። ክፍሉ ሁሉ ሰማ። ጋሼ ጆሮ አልተቆጡኝም፣ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። የግፊት መለኪያውን አመጡና ወንበር ሳቡልኝ። "ፒኗን ከሥር በልኩ ትገፊያለሽ፤ ጤነኛዋ ንቅንቅ አትልም፣ የላላችዋ ትሸሻለች" አሉ። አንድ ቦርድ ላይ ዘጠና ስድስት ፒን።
"በይ ጀምሪ፣ ኢንጂነር።"

ጥቅምት 20
በሦስተኛው ቀን አገኘሁት! ገና ስነካት ፒኗ ሽው አለች። "ይኸው! ይኸው!" ብዬ እንደ ሕፃን ጮህኩ።

ጋሼ ጆሮ ግን ሌላ ቦርድ ይዘዋል። መለኪያውን አስጠጉ። ፒኗ ሸሸች።
"ይሄስ የማን ነው?"
እኔ የደገምኩት አንድ ነው። አንድ ብቻ።
ክፍሉ ውስጥ አሥራ አንድ ሰው አለ። አንድም ቀና ያለ የለም። አለቃዋ በሩ ላይ ቆማለች፣ ዓይኗ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል።

ጥቅምት 27
ንድፍ ክፍል ሌላ ልጅ ገባ። ደረጃው ላይ አየሁት፣ አዲስ ሸሚዝ ለብሷል። "እንኳን ደስ አለህ" አልኩት። ቤት ገብቼ አለቀስኩ። አንድ ዓመት ስንት ቦርድ ነው? አልቆጥርም።

ኅዳር 2
አለቃዋ ፎርሙ ላይ ስም የሚጻፍበትን መስመር አስወጣችው። ማን እንደነቀለ አይጠየቅም፣ መጣሉ ብቻ። ጋሼ ጆሮ ባዶ የቀለም ቆርቆሮ አምጥተው ፕሬሱ አጠገብ አስቀመጡ። "የወጣ ሁሉ እዚህ።"

ከሰዓት በፊት ማንም አልጣለም። ከምሳ በኋላ ቆርቆሮው አንዴ ኪው አለ። ማንም ዞር ብሎ አላየም። ከዚያ ሌላ።

ልንወጣ ስንል ጋሼ ጆሮ ቆርቆሮውን ጠረጴዛ ላይ ገለበጡት። በአንድ ቀን ሰባት ኮኔክተር። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የሁለት ዓመት ሪፖርት በየወሩ "የተነቀለ፦ ዜሮ" ነው የሚለው።

ከሰባቱ ሁለቱ የኔ ናቸው።