ነፍስ ኄር ያልኩሽ ቀን

ውድ እታለም፣

ይህን በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት። መምህራችን «ከማታ ተማሪዎቼ ሁሉ አንተ ቀደምክ» ብሎኛል። እውነቱን ነው፤ አንቺንም ከካንሰሩ ቀድሜ ገደልኩሽ።

ሦስት ጊዜ በርሽን አንኳኳሁ። ሦስቴም ከውስጥ «ሙት በር አይከፍትም፤ ሂድ ጎማህን ለጥፍ» አልሽኝ። ይህስ ይሁን። ግን ያለፈው ሐሙስ ለመድኃኒቱም አልሄድሽም አሉ። «ለሙት መርፌ ምን ያደርግለታል?» ብለሻል። ስለዚህ ይህችን ወረቀት በበርሽ ሥር አሾልኬያታለሁ።

ሆስፒታሉ ለበዓሉ ሲጠራን፣ ካንሰር ላገኛቸው ዘመዶቻችን ክብር ለሕሙማን ብርድ ልብስ እንድንሰጥ ነበር። እኔ ከሁሉ ወፍራሙን ይዤ ገባሁ፤ የሌላው ሁሉ ከእኔው አጠገብ ወንፊት ይመስል ነበር። በየብርድ ልብሱ ላይ የምናከብረውን ሰው ስም የያዘ ካርድ ይለጠፋል። ካርዱን የምታድለው ነርስ «ልጻፍልዎት?» ብትለኝ «ለማን? ለእኔ?» ብዬ እስክሪብቶውን ነጠቅኳት።

ከጎኔ ባለው ካርድ ላይ ከስሙ በፊት «ነፍስ ኄር» የሚል አየሁ። ኄር ማለት ደግ እንደሆነ መምህሩ ነግሮናል። ደግ ነፍስ! ከአንቺ ወዲያ ለማን ይባላል? ደግሞ ያቺን ጠማማ «ኄ» አንዴም ሳልሰርዝ ጻፍኳት። ለሟች ብቻ እንደሚባል በምን ልወቀው? እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ሞተ ነው የሚባለው።

አንቺ ሻሽሽን እስከ ቅንድብሽ አስረሽ ፊት ወንበር ላይ ነበርሽ። አስተዋዋቂው በማይክሮፎን «ነፍስ ኄር እታለም ልብስ ሰፊዋ፤ ከወንድሟ ከጎሚስታው» ብሎ አነበበ። ከሌሎቹ ሟቾች ጋር ደምሮሽ «ለአንድ ደቂቃ በጸሎት እንቁም» አለ። ሰው ሁሉ ተነሣ። አንቺም ወንበሩን ተደግፈሽ ተነሣሽ። ለራስሽ ቆምሽ።

እስከዚህ ያለውን ይቅር ትይኝ ነበር። አውቅሻለሁ፤ ዕድሜ ልኬን ስትስቂብኝ ትኖሪ ነበር። አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ ግን ትከሻዬን ይዘው «እግዜር ያጥናህ ልጄ። መቼ ነው ያረፈችው?» አሉኝ። ዞር ብለሽ አየሽኝ። «ተሳስቼ ነው አባባ፣ ያቻት» ብል ያልቅ ነበር። ግን ነርሷም ታየኝ ነበር። አንገቴን ደፍቼ «ባለፈው ወር» አልኩ። መሃይም ከምባል አንቺ ብትሞቺ ይሻለኛል ብዬ ነው። ሌላ ስም የለውም።

ስትወጪ «ቀብሬ ላይ አለቀስክ ወይስ ቀለድክ?» አልሽኝ።

ትናንት ሽማግሌውን ፈልጌ አገኘኋቸው።

«አባባ፣ እህቴ አልሞተችም። ቃሉን ሳላውቀው ነው የገለበጥኩት» አልኳቸው።

«ከማን ካርድ?»

«ከጎኔ ከነበረው።»

«የሚስቴ ነው» አሉና ከዘራቸውን ጨበጡ። ሊመቱኝ መስሎኝ ነበር። «እህትህ ካለች እዚህ እኔ ዘንድ ምን ትሠራለህ? አንተ ዕድለኛ ደንቆሮ!»

እታለም፣ በመጪው ሐሙስ ከማለዳ ጀምሮ ሆስፒታሉ በር ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። አልቀልድም። ሰው ሁሉ እየሰማ «ይህ መሃይም ነው» በይኝ፤ አዎ እላለሁ። ከፈለግሽ ትፊብኝ፤ ከፈለግሽ እንደማታውቂኝ ሁኚ። ብቻ በእግርሽ ሄደሽ እለፊኝ።

በቁምሽ የቀበረሽ
ወንድምሽ