ለግራኙ ልጄ፣ ስለ ቀኝ ጠመንጃ

ብሩኬ፣ ዓለሜ፣

ካጣሁህ ዓመት ሞላኝ፣ ጥቂትም አለፈው። ሙት ዓመትህ ከወጣ ወዲህ ዘመድ ወዳጁ ይበቃሻል ብሎ ጥቁሩን አስወልቆኛል። የሐዘን ነጠላዬን አጥቤ አጥፌ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። ቤቱ ግን ሐዘኑን አላወለቀም። አባትህ ታክሲውን አቁሞ ይገባል፣ ጃኬቱን እንደለበሰ መስኮቱ ሥር ይቀመጣል። ከእኔ ጋር የሚነጋገረው ስለ ማሞቂያው ብቻ ነው።

ሰሞኑን ግን፣ ከመስኮቱ ሳይዞር፣ ብሩክ ሊገዛው የነበረው ጠመንጃ የትኛው ነበር አለኝ። አጋዘን አብራችሁ ልታድኑ የተባባላችሁበት ወቅት ደርሷል። እሱ ጠመንጃውን ለይቶ አያውቀውም። የማውቀው እኔ ነኝ፤ ሮቢንስዴል ካለው ሥራዬ ስታመጣኝ መንገዱን ሙሉ የምታወራኝ ስለ እሱ ነበር።

መጀመሪያ ማዝሎደር እገዛለሁ ስትለኝ አፈር የሚዝቀው ሎደር መስሎኝ፣ የት ልታቆመው ነው ብዬህ ነበር። ሳቁ አላስነዳ ሲልህ ዳር ይዘህ ቆምክ። ከዚያ በትዕግሥት አስረዳኸኝ። የድሮ ሰው እንደያዘው ያለ ነው፤ ባሩዱን በአፈሙዙ ታፈስበታለህ፣ የእርሳስ ድብልብል ጥይቷን በጨርቅ ጠቅልለህ በዘንግ ትገፋታለህ። ታዲያ በአፉ ነዋ የሚጎርሰው አልኩህ። ከዚያ ወዲያ በእኔና በአንተ መካከል ስሙ ጎራሹ ሆነ። ወቅቱ በነቢያት ጾም ነው፣ ሥጋውን ማን ሊበላው ብልህ፣ እማዬ፣ ፍሪዘር አይጾምም አልከኝ።

ወቅቱ ሳይደርስ መኪናህ በረዶው ላይ ተንሸራተተች።

ትናንት አባትህ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ካለ የጠመንጃ ሱቅ ወሰደኝ። እሱ ግን ከታክሲው አልወረደም። አንቺ ምረጪ አለኝና መሪውን እንደያዘ ቀረ። ባለሱቁ ሽማግሌ ሁለት አወረደልኝ። እንጨታቸው አንድ፣ ርዝመታቸው አንድ፣ ሁለቱም በባልጩት ድንጋይ የሚተኩሱ። ድንጋዩን የነከሰው መምቻ ግን በአንዱ በግራ፣ በሌላው በቀኝ በኩል ነው። ተኳሹ ግራኝ ነው ወይስ ቀኝ አለኝ።

ምን ልበለው? አንተ ከመጉረስ በቀር ሁሉን በግራህ ነበር።

የግራውን አንስቼ ደረቴ ላይ ያዝኩት። ሽማግሌው አላስቸኮለኝም። ያንተ ይኸው ነው። ብወስደው ግን አባትህ ቀኝ ነው፣ የሚተኩሰው የለም፤ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ አባትህም ከመስኮቱ ተነስቶ ከሥሩ ይቀመጣል። መልሼ አስቀመጥኩትና የቀኙን አልኩ። ያንተ እዚያው ቀረ፣ ልጄ።

ቤት ስንገባ አባትህ ለጥይቷ መጠቅለያ ንጹሕ ጥጥ ጨርቅ ያስፈልጋል አለ። ዓይኑ ከበሩ ጀርባ በእጅህ እንደሰቀልከው ወዳለው ሸሚዝህ ሄደ። አልሰጠሁትም። ያንን የሐዘን ነጠላዬን አምጥቼ በመቀስ ትንንሽ አድርጌ ቆረጥኩለት። ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ ደራረበው።

ቅዳሜ ብቻውን ይሄዳል። አጋዘኗን ሳታት አልሳታት እኔ ግድ የለኝም፤ ጎራሹ ጥቁር ነጠላዬን ይጉረስለት፣ እሱም ሜዳ ላይ ቆሞ ትንሽ ነፋስ ይንካው። ነጠላው እየተቃጠለ ያልቃል። ሸሚዝህ ግን እኔ እያለሁ ከተሰቀለበት አይወርድም። በበሩ ባለፍኩ ቁጥር እጅጌውን ነካ እያደረግኩ አስብሃለሁ። የግራውን።

እናትህ